ራጅ፣ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ እና አካባቢያችን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው በምስል ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጨረር ነው፤ «ይጎዳኝ ይሆን?» ይለኛል። ከጊዜ ወዲህ ግን ሌላ ጥያቄም መምጣት ጀምሯል። እነዚህ ማሽኖች አየሩን፣ ውሃውንና አፈሩን ምን ያደርጉታል? ጥያቄው ደስ ይለኛል። እኛ ባለሙያዎቹ ራሳችን ለብዙ ዓመታት አልጠየቅነውምና። ብዙ ጊዜ የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ሐኪማችሁ አስቦበት ያዘዘላችሁን ምርመራ «ለአካባቢ ስል» ብላችሁ እንዳትተዉ። የምነግራችሁ ብክነት በአብዛኛው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ምስል ማንሳት ከአካባቢ ብክለት ጋር ምን አገናኘው? ማሽኑ ጭስ አያወጣ!

አዎ፣ ጭስ አያወጣም። ሽታም የለውም። ሳይታይ የቆየውም ለዚህ ነው። ማሽኑ ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ወይም ከጋዝ ከመጣ ጭሱ የሚወጣው እኛ ሳናየው ኃይል ማመንጫው ጋ ነው። ማሽኑ ሲሠራ ይግላል፣ ስለዚህ ቀን ከሌት የሚያቀዘቅዘው ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። ለታካሚው የሚወጋው ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት፣ ከሰውነት ወጥቶ ወደ ፍሳሽ ይገባል። ምስሉ የሚቀመጥበት ሰርቨርም ኃይል ይፈልጋል። በዚህ ላይ ማሽኑን ለመሥራት የወጣው ብረት፣ መዳብና ማዕድን አለ።

ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ውስጥ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ከጤናው ዘርፍ እንደሚመጣ ይገመታል። ምስል ምርመራ የዚህ አንድ ክፍል ነው። ነገር ግን ትንሽ ክፍል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ጨረር ኮሚቴ ባወጣው ግምት፣ ጨረር የሚጠቀሙ የሕክምና ምርመራዎች ብቻ በዓመት ወደ 4.2 ቢሊዮን ይደርሳሉ። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ እዚህ ውስጥ የሉም፤ አንዱ በድምፅ ሞገድ፣ ሌላው በማግኔት ስለሚሠሩ እንዲህ ያለ ጨረር አይጠቀሙምና።

የራጅ ጨረር ክፍሉ ውስጥ ይቀራል? አየሩን ይበክላል?

አይቀርም። አይበክልም። የራጅ ጨረር የሚመነጨው በኤሌክትሪክ ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ ጨረሩ ያበቃል፣ ልክ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ እንደሚጨልመው። ግድግዳው፣ አልጋው፣ ልብሳችሁ ጨረር ይዞ አይቆይም። ሲቲ ስካንም፣ በራጅ ጨረር የሰውነትን ቁራጭ ምስሎች የሚያነሳው ማሽን፣ እንዲሁ ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው ከምርመራ በኋላ ልጁን ለማቀፍ ስለሚፈራ ነው። ምንም አትፍሩ፣ እቀፉ። ኒውክሌር ሕክምና የሚባለው ለየት ይላል፣ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የትኛው ምርመራ ነው ብዙ ካርቦን የሚለቀው?

በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአውስትራሊያ ሆስፒታሎች ላይ የተሠራ ጥናት በደንብ ለክቶታል። በአማካይ አንድ ኤምአርአይ ከ17.5 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚስተካከል ልቀት አለው። ሲቲ ስካን 9.2 ኪሎ ነው። የደረት ራጅ 0.8 ኪሎ ገደማ፣ አልትራሳውንድ ደግሞ 0.5 ኪሎ።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይናገርም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስለዚህ አንድ ኤምአርአይ ማለት ሰባት ሊትር ተኩል ያህል ቤንዚን ማቃጠል ነው። ሲቲ ስካን አራት ሊትር። አልትራሳውንድ ግን የአንድ ሊትር ሩብ እንኳ አይሞላም።

አውስትራሊያ ብዙውን ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል ታገኝ እንደነበር ልብ በሉ። ኤሌክትሪኩ ከውሃ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ በሚመጣበት ቦታ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ይላል። ደረጃው ግን ያው ነው፤ ኤምአርአይ ከላይ፣ አልትራሳውንድ ከታች።

ማሽኑ ሰው ሳይኖርበትም መብራት ይበላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በስዊዘርላንድ የባዝል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለሙያዎች ሦስት ሲቲ ስካንና አራት ኤምአርአይ ማሽኖችን ዓመቱን ሙሉ ለክተው ውጤቱን በ2020 አሳተሙ። ሰባቱ ማሽኖች ወደ 615,000 ኪሎዋት ሰዓት በልተዋል። ማቀዝቀዣዎቻቸው ደግሞ ሌላ 493,000 ገደማ። ማለትም ማሽኑ የሚበላውን ያህል ለማቀዝቀዝ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ድምሩ ከሆስፒታሉ ጠቅላላ ፍጆታ 4 በመቶ ነበር፣ 852 ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ የምትጠቀመውን ያህል።

የሚያስደነግጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሲቲ ስካኖቹ ከበሉት ኃይል ሁለት ሦስተኛው የወጣው ማንም ሳይመረመርባቸው፣ ዝም ብለው በርተው በተቀመጡበት ሰዓት ነው። ኤምአርአይ ላይ ደግሞ አንድ ሦስተኛው የወጣው «ጠፍቷል» በሚባልበት ጊዜ ነው።

ሌሊት ተረኛ ሆናችሁ ክፍሉን ብትዞሩት ይገባችኋል። ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። ኤምአርአዩ ክፍል ውስጥ ግን «ችክ… ችክ… ችክ…» የሚል ድምፅ አለ፣ እንደ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት። ይህ ማግኔቱን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ነው፣ በፍጹም አይቆምም። የሲቲ ስካኑ ፋን ያንሾካሹካል። ምስል የሚነበብበት ክፍል ስትገቡ ደግሞ ስክሪኖቹ በሙሉ ቦግ ብለው በርተዋል። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። በጨለማው ውስጥ የአንድ ሰው ሳንባ ብቻውን እያበራ ያድራል። እኔ እንዲህ ያለውን ሌሊት ስንት ጊዜ አይቼ ዝም ብዬ አልፌያለሁ። አሁን ግን ማለፍ አልችልም።

ታዲያ አጥፍቶ መሄድ አይቻልም?

ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ያለምንም ጥያቄ ይጠፋል። ሲቲ ስካንም አብዛኛው ሊጠፋ ይችላል፣ ጠዋት ለመነሳት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ለድንገተኛ ሕመምተኛ ሌሊት የሚያስፈልገው ማሽን ግን ዝግጁ መሆን አለበት። ሦስት ካሉ አንዱን አቆይቶ ሁለቱን ማጥፋት ይቻላል።

ኤምአርአይ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ማግኔቱ ሁልጊዜ መቀዝቀዝ አለበት። ቢሆንም በዝግጁነት ከማሳደር «ማጥፋት» የሚለውን ሁነታ መጠቀም ፍጆታውን ከ25 እስከ 33 በመቶ እንደሚቀንስ በ2023 የታተመ ጥናት አሳይቷል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ያላቸው የኃይል ቁጠባ ሁነታ ከዚያም ላይ ሌላ ከ22 እስከ 28 በመቶ ይቀንሳል። ምንም ግዢ አያስፈልገውም፣ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ብዙ ቦታ የማይደረገው «ጠዋት አልነሳ ቢልስ?» በሚል ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሃያ ሰው ወረፋ ይዞ ማሽን እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። መፍትሔው የድርጅቱን የጥገና ባለሙያ ጠይቆ ትክክለኛውን አካሄድ በጽሑፍ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ነው።

ኤምአርአይ ውስጥ አለ ስለሚባለው ሂሊየም ንገረን።

የኤምአርአይ ማግኔት የሚሠራው በጣም ሲቀዘቅዝ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ይህን የሚያስገኘው ፈሳሽ ሂሊየም ነው። የተለመደው ማሽን ከ1,500 እስከ 2,000 ሊትር ይይዛል።

ሂሊየም አየሩን አያሞቅም፣ መርዝም አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ካለቀ አለቀ። መሬት ውስጥ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ከዩራኒየምና ከቶሪየም መበስበስ የተጠራቀመ ነው። የምናገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ሲወጣ አብሮ ነው፣ ያውም ከጥቂት አገሮች፤ ከአሜሪካ፣ ከኳታር፣ ከአልጄሪያ። ካመለጠ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ወጥቶ ጠፈር ውስጥ ይጠፋል። ማግኔቱ በአደጋ ድንገት ሲሞቅ ፈሳሹ ከ700 ጊዜ በላይ ሰፍቶ ጋዝ ይሆንና በቧንቧው በኩል እየጮኸ ይወጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ያ ሁሉ ሂሊየም ሄደ ማለት ነው።

ደግነቱ ከ2018 ጀምሮ 7 ሊትር ብቻ የሚይዙ፣ ተዘግተው የታሸጉ ማግኔቶች ገበያ ላይ ውለዋል። አዲስ ማሽን የሚገዛ ተቋም ይህን ሳይጠይቅ ባይፈርም ደስ ይለኛል።

ኮንትራስት ተወግቼ ነበር። ከሰውነቴ ከወጣ በኋላ የት ይሄዳል?

ብዙ ሰው የማያስበው ግን ሊያስበው የሚገባ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

ኮንትራስት የደም ሥርንና የአካል ክፍሎችን አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት ነው። ለሲቲ ስካን የሚሰጠው አዮዲን አለበት። ለኤምአርአይ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት አለበት። ሁለቱም ሆን ተብለው በሰውነት ውስጥ እንዳይፈርሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ለታካሚው ይህ ጥሩ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዳለ በሽንት ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ግን ያ አለመፍረሱ ጣጣ ይሆናል። የተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ ባክቴሪያን ተጠቅሞ ነው ቆሻሻን የሚያፈርሰው። ኮንትራስትን ባክቴሪያ አይበላውም። ስለዚህ ማጣሪያውን አልፎ ወንዝ ይገባል፣ ከወንዝ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል።

መጠኑን በቅርብ እንየው። አንድ የሲቲ ስካን ኮንትራስት ብዙ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በውስጡ 30 ግራም ወይም ከዚያ በላይ አዮዲን አለ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ በአንድ መርፌ የሚገባው አዮዲን ለአንድ ሰው ከ500 ዓመት በላይ ይበቃዋል። በማግሥቱ ሽንት ቤት ውስጥ ነው። አዮዲኑ ደግሞ ከሌላ ቦታ የሚወጣ ማዕድን ነው፣ በዋናነት ከቺሊና ከጃፓን።

ጋዶሊኒየምስ? 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በተለመደው መጠን ከአንድ ግራም ትንሽ በለጥ የሚል ጋዶሊኒየም ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን በተፈጥሮ ወንዝ ውስጥ ይህ ብረት እጅግ በጣም ጥቂት ስለሆነ ከሆስፒታል የመጣው ወዲያው ይለያል። በ1996 ጀርመን ውስጥ ተመራማሪዎች በወንዞች ላይ ከተፈጥሮው የበለጠ ጋዶሊኒየም አግኝተው ምንጩ ኤምአርአይ መሆኑን አሳዩ። በኋላም በበርሊን የቧንቧ ውሃ ውስጥ ተገኘ። እንዲያውም የውሃ ተመራማሪዎች አሁን የፍሳሽን አቅጣጫ ለመከታተል ይጠቀሙበታል።

ታዲያ የምንጠጣው ውሃ ይጎዳናል?

እስካሁን በመጠጥ ውሃ ውስጥ የተገኘው መጠን እጅግ አነስተኛ ነው። በአንድ ምርመራ ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ሰው በዚህ መጠን መጎዳቱን ያሳየ ነገር የለም። ነገር ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ መጠኑ ከምርመራው ብዛት ጋር እየጨመረ ይሄዳል፣ ወደ ኋላ የሚመልሰውም የለም። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ የአዮዲን ኮንትራስት ውሃ ከሚታከምበት ክሎሪን ጋር ሲገናኝ ከራሱ የበለጠ መርዛማ ውህዶች ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ «ዛሬ ስላልጎዳን» ብሎ መተው ልክ አይመስለኝም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ከወንዝ ከማውጣት ከምንጩ መያዝ ይቀላል። በጀርመንና በኔዘርላንድስ ታካሚዎች ከምርመራ በኋላ ለአንድ ቀን የሚጠቀሙበት የሽንት መያዣ ከረጢት ተሰጥቷቸው ተሞክሯል። ከረጢቱ ፈሳሹን መጥጦ የሚያጠነክር ነገር ስላለው ከቆሻሻ ጋር ይጣልና ይቃጠላል። አንዳንድ ቦታም ሳይከፈት የቀረውንና ከጠርሙስ የተረፈውን ኮንትራስት ሰብስቦ ወደ አምራቹ በመመለስ አዮዲኑን መልሶ መጠቀም ተጀምሯል።

በ2022 ደግሞ ዓለም ሳይወድ በግድ አንድ ነገር ተማረ። ሻንጋይ በኮቪድ ምክንያት ስትዘጋ አንድ ትልቅ የኮንትራስት ፋብሪካ ምርቱን ቀነሰ፣ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ክምችታቸው ተመናመነ። ምን አደረጉ? መጠኑን በታካሚው ክብደት ልክ መስጠት ጀመሩ። ትልቁን ጠርሙስ በንጽሕና ከፋፍለው ለብዙ ሰው ተጠቀሙ። ያለ ኮንትራስት የሚሆነውን ያለ ኮንትራስት ሠሩ። ከዚያ በፊት በየቀኑ ከየጠርሙሱ የሚደፋው ትርፍ ምን ያህል እንደነበር ያኔ ነው የታየው። እጥረቱ ሲያልቅ ብዙዎች ወደ ድሮው ልማድ መመለሳቸው ያሳዝናል።

ለኤምአርአይም በ2022 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው ጋዶፒክሌኖል የሚባለው ኮንትራስት ከተለመደው የጋዶሊኒየም መጠን ግማሹ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ኒውክሌር ሕክምና ራዲዮአክቲቭ ነገር ይወጋል። እሱስ ወደ ፍሳሽ አይገባም?

ይገባል፣ ግን አይቆይም። በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው ቴክኒሺየም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በአንድ ቀን ውስጥ አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ይቀራል። ፔት ስካን ለሚባለው የኒውክሌር ሕክምና ምርመራ የሚውለው ፍሎሪን 18 በ110 ደቂቃ ግማሹ ይሄዳል። ለሕክምና የሚሰጠው አዮዲን 131 በግማሽ ለመቀነስ 8 ቀን ስለሚፈጅበት ብዙ ሲሰጥ ፍሳሹ በልዩ ታንከር ይጠራቀምና ጨረሩ ሲቀንስ ነው የሚለቀቀው።

የሚያስፈራው የተጣለ አሮጌ መሣሪያ ነው። በ1987 ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ ከተማ ከተተወ የካንሰር ጨረር ሕክምና ማሽን ላይ ሲሲየም የሚባል ራዲዮአክቲቭ ነገር ተወስዶ አራት ሰዎች ሞተዋል፣ ቤቶች ፈርሰዋል፣ አፈር ተዝቋል። ያ ማሽን የምስል ምርመራ አልነበረም። ግን ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ያለበትን ነገር «ተበላሽቷል» ብሎ ጥሎ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ከዚያ በላይ ማስረጃ የለም።

ድሮ በፊልም፣ አሁን በኮምፒውተር ነው። አሁን ይሻላል አይደል?

በአብዛኛው ይሻላል። ፊልም ማጠቢያው ኬሚካል ሃይድሮኪኖን አለበት። ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ከፊልሙ የወጣ ብር፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ይቀራል። ተሰብስቦ ካልተጣራ የውሃ ውስጥ ፍጥረታትን ይመርዛል። እስካሁን በፊልም የሚሠራ ክፍል ካለ ፈሳሹን ቱቦ ውስጥ እንዳይደፋው፤ ብሩን የሚገዛም አለ።

ዲጂታል ግን ክብደት የለውም ማለት አይደለም። አንድ የሲቲ ስካን ቁራጭ ምስል ግማሽ ሜጋባይት ነው። አንድ ምርመራ 1,000 ቁራጭ ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ 500 ሜጋባይት። ያው ምርመራ በተለያየ ውፍረት ተሠርቶ ሦስት አራት ጊዜ ይቀመጣል። አብዛኛውን ማንም ተመልሶ አያየውም፣ ግን ሰርቨሩ ውስጥ ለዓመታት ኃይል እየበላ ይቀመጣል። ማንም የማያየውን ቅጂ ባለማስቀመጥ ብቻ ብዙ ማዳን ይቻላል።

አላስፈላጊ ምርመራ የሚባል ነገር በእርግጥ አለ?

አለ። እንደ እኔ እንደ እኔ የጉዳዩ እምብርትም ይህ ነው። መብራቱን መቆጠብ ጥሩ ነው፣ ኮንትራስቱን መሰብሰብም ጥሩ ነው። ከሁሉም ግን የሚበልጠው መሠራት ያልነበረበትን ምርመራ አለመሥራት ነው። ያልተሠራ ኤምአርአይ ኤሌክትሪክ አይበላም፣ ጋዶሊኒየም አይጥልም፣ ሰውንም አያስጨንቅም።

የወገብ ሕመምን ውሰዱ። ድንገት የጀመረ የወገብ ሕመም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይሻላል። የሕክምና መመሪያዎች አደገኛ ምልክት ከሌለ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ምስል አታንሱ ይላሉ። አደገኛ ምልክት የሚባለው የእግር መስነፍ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል፣ ብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ትኩሳት፣ የካንሰር ታሪክ፣ ክፉኛ ወድቆ መጎዳት ነው። እነዚህ ካሉ አንድ ቀን አትቆዩ። ከሌሉ ግን ኤምአርአዩ ሕመሙን አያስታግስም። ይልቁንም ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ትንሽ የዲስክ መውጣት ያሳይና ሰውየው «ጀርባዬ ተበላሽቷል» ብሎ መንቀሳቀስ ያቆማል። በአሜሪካ በ2012 የተጀመረው «በጥበብ መምረጥ» የሚባለው ዘመቻ ያነሳው ይህንኑ ነው።

ሌላው ድግግሞሽ ነው። አንዲት እናት ሆዳቸውን ሊመረመሩ መጡ። ሲቲ ስካን ታዞላቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ከመተኛታቸው በፊት «እማማ፣ ከዚህ በፊት ተነስተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ባለፈው ሳምንት» አሉኝ፣ ከቦርሳቸው ሲዲ አውጥተው። ሌላ ሆስፒታል የተነሱት ያው ምርመራ ነበር። ላዘዘላቸው ሐኪም ደወልኩ፣ ምስሉን አየው፣ በቂ ነበር። ያን ቀን ሲዲው ቤት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር ከእንደገና ይሠራ ነበር፤ ጨረሩም፣ ኮንትራስቱም፣ ወጪውም።

ኤምአርአይ ጨረር ስለሌለው ሁልጊዜ ከሲቲ ስካን አይሻልም?

ለአንዳንድ ሕመም ይሻላል፣ ለልጆችና ለነፍሰ ጡርም ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ግን በኃይል ፍጆታ በጣም ይበልጣል። ጥሩው ጥያቄ «ከሁለቱ የትኛው?» ከሚለው በፊት «አልትራሳውንድ ይበቃ ይሆን?» የሚለው ነው። የሐሞት ጠጠር፣ የማኅፀን፣ የታይሮይድ ብዙ ጥያቄ በአልትራሳውንድ ይመለሳል። ጨረር የለው፣ ሂሊየም የለው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይረዳል ወይስ ይጎዳል?

ሁለቱም። በአስተውሎት ታግዞ ምስል የሚሠራ ኤምአርአይ የምርመራውን ጊዜ በጣም ያሳጥራል፣ ይህ ኃይል ይቆጥባል። በሌላ በኩል ሥርዓቱን ለማሠልጠንና ለማስኬድ ትላልቅ የመረጃ ማዕከላት ያስፈልጋሉ። የተቆጠበው ሰዓት በሌላ አላስፈላጊ ምርመራ ከተሞላ ደግሞ ትርፉ ዜሮ ነው።

ምርመራው በበቂ ያልደረሰበት የዓለም ክፍልስ? ቀንሱ ልትሏቸው ነው?

በፍጹም። ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ገደማ መሠረታዊ የምስል ምርመራ በበቂ አያገኝም። እናት በወሊድ የምትሞተው አልትራሳውንድ ጠፍቶ ከሆነ፣ ስለ ካርቦን ማውራት ነውር ነው። ቀንሱ መባል ያለበት ትርፍ ያለው ነው። አዲስ የሚጀምረው ደግሞ ገና ከመነሻው በአልትራሳውንድና በዲጂታል ራጅ፣ በፀሐይ ኃይል መጀመር ይችላል። መለዋወጫ የሌለው፣ ጠጋኝ የሌለው አሮጌ ማሽን በእርዳታ መላክ ግን እርዳታ አይደለም፤ የራስን ቆሻሻ ሰው ደጃፍ መጣል ነው።

እንደ ታካሚ ምን ላድርግ?

ምርመራ ሲታዘዝላችሁ ሐኪማችሁን በአክብሮት ጠይቁ። «ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጠዋል? ከዚህ ቀለል ያለ ምርመራ ይኖራል? ትንሽ ብንጠብቅስ?» ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። ደግሞ «ለማንኛውም አንድ ኤምአርአይ ይታዘዝልኝ» ብላችሁ አትጫኑት፤ ብዙ ትእዛዝ የሚወጣው ታካሚን ላለማስከፋት ነው። የድሮ ምስላችሁን ከነሪፖርቱ አንድ ቦታ አስቀምጡ፣ በሄዳችሁበት ይዛችሁ ሂዱ። ቀጠሮ ላይ መገኘት ካልቻላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ የተቀዳ ኮንትራስት እንዳይደፋ፣ ማሽኑም ባዶውን እንዳይጠብቅ።

የክፍል ኃላፊ ነኝ። ከየት ልጀምር?

ዛሬ ማታ ከሥራ ስትወጡ ተመልሳችሁ ግቡ። ብዕርና ወረቀት ያዙ። የበራውን ሁሉ ቁጠሩ፤ ስክሪን፣ ኮምፒውተር፣ አልትራሳውንድ፣ የጄል ማሞቂያ፣ ሲቲ ስካን። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ሌሊት ማን ይፈልገዋል?» ብላችሁ ጻፉ። መልስ ያጣችሁለትን አጥፉት። ነገ ደግሞ ከየጠርሙሱ የሚተርፈውን ኮንትራስት ለአንድ ሳምንት በአንድ ዕቃ አጠራቅሙና ለባልደረቦቻችሁ አሳዩአቸው። እኛ ክፍል ሥራው የተጀመረው እንደዚህ ነው፣ በአንድ ባልዲ።